ሰዓዳን ያጠጣኋት ቅጠል

ይህን ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ከፊታቸው ለምንበረከክላቸው ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ፣ ይህን ብቻ ከምላሴ ሥር አስቀርቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ኖሬአለሁ። በቅርቡ ለሁለት ሴቶች ከፊሉን ነግሬአለሁ፤ እሱንም ቢሆን ኅሊናዬ አሸንፎኝ እንዳልነገርኳቸው ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ። ሙሉውን የምጽፈው ዛሬ ነው። የምጽፈውም ለእናንተ ለማታውቁኝ ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ያከብሩኛል፤ የሚያከብረኝ ሰው ደግሞ ሳልጨርስ «ተው እንጂ፣ አንተ ደግሞ ምን በደልክ?» ብሎ ያቋርጠኛል። እናንተ አታቋርጡኝም።

አስቀድሜ ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዕድሜዬ ከሰባ አምስት አልፏል፤ ትዝታዬንም አላምነውም። የማላምነው ስለሚረሳ ብቻ አይደለም፤ ለእኔ የሚያደላ ምስክር ስለሆነ ነው። ዓመት በጨመረ ቁጥር የተናገርኩትን ቃል ያለሰልስልኛል፣ የዘገየሁበትን ቀን ያሳጥርልኛል፣ ጥፋቴንም ቀስ እያለ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ያሸጋግርልኛል። ስለዚህ ርግጠኛ በሆንኩበት ቦታ ርግጠኛ ነኝ እላለሁ፤ ባልሆንኩበት አይደለሁም እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ታማኝነት በዚህ ዕድሜዬ ከየት አመጣለሁ?

የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ዕፀዋት አስተምሬአለሁ። በወጣትነቴ ለትምህርት ወደ ቻይና ተልኬ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቻለሁ። እማርበት ከነበረው ተቋም ጀርባ የመድኃኒት ዕፀዋት የሚበቅሉበት ሰፊ የአትክልት ቦታ ነበር። ቺንግሃው የሚሉትን ተክል ያወቅሁት እዚያ ነው። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ ለትኩሳት ሲጠጡት የኖሩ፣ በኋላም የዛሬው የወባ መድኃኒት የወጣበት ተክል ነው። ከእኛው ጭቁኝ ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። ይኸኛው ግን ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ቅጠሉም እጅግ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በጣት ሲያሹት ሽታው ጣፈጥ ያለ ሆኖ አናት ድረስ ይወጣል።

ጡረታ ወጥቼ፣ ባለቤቴም ካረፈች በኋላ፣ ወደ አባቴ ግቢ ተመለስኩ። ዘሩን የላከልኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዘር ተብሎ የተላከልኝ ነገር በወረቀት የተጠቀለለ አቧራ ይመስል ነበር። ከአመድ ጋር ቀላቅዬ፣ አፈር ሳላለብሰው፣ በፓፓዬው ጥላ ሥር ባዘጋጀሁት መደብ ላይ በተንኩት፤ ብርሃን ካላገኘ አይበቅልምና። በወንፊት ውኃ እያርከፈከፍኩ ጠበቅሁት። ሲበቅል የተሰማኝን ደስታ ዛሬ መናገር ያሳፍረኛል። ሰፈሩም ወዲያው ስም አወጣለት፤ የቻይና ጭቁኝ አለው።

የግቢ ጎረቤቴ ሙሄ በአጥሩ ላይ እየተንጠራራ ሊቀልድብኝ አልሰነፈም። ሙሄ የሽንኩርት ገበሬ ነው፤ እድሜያችን አንድ ነው፤ ሮቢ ወንዝ ውስጥ አብረን እየተንቦራጨቅን ያደግን ነን።

«መምህር፣ ቻይና አስፋልቱን ሠርቶ ሲጨርስ ያንተ ጓሮ ገባ?» አለኝ አንድ ቀን። «ተጠንቀቅ፣ ነገ ደግሞ ድልድይ ልሥራልህ ይልሃል።»

«ላንተ ወባ ነው የተከልኩት» አልኩት።

«ለእኔ ወባ? ወባ እኔን ቀምሳኝ ስትጨርስ ራሷ ትታመማለች።»

ይህን ጨዋታ የምጽፈው ቤቶቻችን ምን ያህል የተቀራረቡ እንደነበሩ እንድታውቁ ነው። በአጥሩ መካከል በር ነበረ፤ በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አስተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው ይጠይቀኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ጠያቂ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም የማይጠይቀው የተማረ ሰው ምን ይሆናል? እኔ የሆንኩትን ይሆናል። ተክሉ ከመጣ ወዲህ ግን እንደገና ይጠይቁኝ ጀመር። የቆላ ሰው ነንና ዝናቡ ሲያባራ ትኩሳት ይገባል፤ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በእኔ ደጅ ማለፍ ያዘ። መጀመሪያ ላይ ትክክለኛውን ነገር እናገር ነበር፤ በዚህ ርግጠኛ ነኝ። «ይህ ቅጠል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ወባውን ከደም ውስጥ አያጠፋም፤ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ኪኒኑንም ዋጡ» እል ነበር። ይህን እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ነው። ቅጠሉ በሽታውን ለጥቂት ቀናት አስተኝቶ እንደሚተወው፣ የተኛው በሽታም መልሶ እንደሚነሣ አውቅ ነበር። እርጉዝ ሴት ሊሰጣት የማይገባ መሆኑንም አንብቤአለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ይህ ኑዛዜ የባለማወቅ ኑዛዜ አይደለም።

ታዲያ ምን ነካኝ? ደብተር ጀመርኩ። የታመመውን ሰው፣ የጠጣውን መጠን፣ ትኩሳቱ የወረደበትን ቀን በጥንቃቄ እጽፍ ነበር። አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ቻይና ለነበሩት ለድሮው መምህሬ ልልክ አስቤ ነበር፤ መምህሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላጣራሁም። ችግሩ ግን ሰዎቹ ምክሬን እየሰሙ ቅጠሉንም ይጠጣሉ፣ ኪኒኑንም ይውጣሉ፤ ይድናሉም። በየትኛው እንደዳኑ እንዴት ይታወቃል? ደብተሬ ውስጥ ቅጠሉን ብቻ ጠጥቶ የዳነ አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻ። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ምን ያህል ትንሽ ነገር ይመስላል!

ሰዓዳ የሙሄ ልጅ ናት። ጀውሃ ተድራ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሰባት ወሯ ሲገባ ወደ ወላጆቿ መጣች። የመጣች ሰሞን በአጥሩ በር ገብታ ጉልበቴን ስማ፣ «ጋሼ፣ ያ የቻይናዎ ጭቁኝ ይኸ ነው? ጠረኑ እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ። ጥቅምት ይመስለኛል። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛት። እናቷ ዘሃራ እየሮጠች መጣች።

ቅጠሉን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ፣ ከድኜ፣ አጥልዬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰጠሁ። ማንም ከእጄ አልነጠቀኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ሰዓዳ ተነሥታ ፀጉሯን ታጠበች፣ ገንፎ በላች። ዘሃራ ደስታዋን ልትነግረኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቃት። ግን ሆዷ ስለከበደ ለማንኛውም ደሟን ታሳይ ይሆን? ባጃጁ እንደሁ እዚሁ ደጃፍ ቆሟል።»

«አያስፈልግም» አልኩ።

አያስፈልግም አልኩ። ትዝታዬ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠበቃዬ ሆኖ ይነሣል። «እንዲህ አላልክም፤ ለጊዜው ይቆይ ነው ያልከው» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ከፈለጋችሁ ሂዱ ብለሃል» እስከማለት ይደርሳል። ላምነው የቀረኝ ጥቂት ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ አምነው ነበር። ደብተሩ ግን አለ፤ ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተዘርግቷል። በእጄ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሴት። የመጀመሪያ እርግዝና። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት የለም። ወደ ሕክምና እንዳትሄድ ተመክራለች። ሌላ መድኃኒት አልወሰደችም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ስሟን አልጻፍኩም። በአጥሩ በር ገብታ ጉልበቴን የሳመችውን ልጅ ሴት ብዬ ነው የጻፍኳት።

ጤና ጣቢያው በባጃጅ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ክፍት ነበር፤ መድኃኒትም ነበረው። መንገድ አልተዘጋም፣ ዝናብ አልጣለም፣ ባለሙያ አልጠፋም። በእሷና በጤና ጣቢያው መካከል የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ። እንደሚመለስ የማውቅ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ዘሃራ በድጋሚ ስትመጣ ያን ጊዜ እንኳ «ሩጡ» ማለት እችል ነበር። እንዲያ ብል ግን የመጀመሪያው ቃሌ ሊፈርስ ነው፣ ደብተሬም ሊበላሽ ነው። እንደገና ቅጠል ዘፈዘፍኩ። መጠኑን ከፍ አደረግሁት። «ትንሽ ታገሡ» አልኩ። አንድ ቀን ይሁን ሁለት ቀን እርግጡን አላስታውስም፤ ደብተሩም እዚህ ላይ ባዶ ነው፤ መጻፍ አቁሜአለሁ። ያቆምኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጻፍ ያቆምኩ ሰው ማጠጣቴን ግን አላቆምኩም።

ባሏ ከጀውሃ የመጣው ሰዓዳ መቃዠት ስትጀምር ነው። ማንንም ሳይጠይቅ አቅፏት ወጣ፣ ባጃጅ ላይ ጫናት፣ ሆስፒታል አደረሳት። እሷ ተረፈች። ልጁ በሆዷ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ። ሐኪሙ «ለምን እስከዚህ ድረስ ዝም አላችሁ? ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?» ብሎ ሲጠይቅ ዘሃራ «ትላንት ነው» አለች። ዋሸች። በእኔ ላይ ነገር እንዳይመጣ፣ ስሜ በክፉ እንዳይነሣ ብላ ዋሸች። የልጅ ልጇን ያጣች ሴት ያን ሰዓት ያሳሰባት የጎረቤቷ የተማረ ሰው ክብር ነበር። ይህን በኋላ ራሷ ነገረችኝ፤ እንደ ውለታ ሳይሆን፣ እንደ ተራ ነገር። «የአንቱን ስም እዚያ ምን አስነሣው ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያም ከሁሉ የከፋውን ጨመረች፦ «ሐኪሙም በመትረፏ ተደንቋል። ያ ቅጠል ነው ያቆያት፤ እሱ ባይኖር እሷም አብራ ሄዳ ነበር።»

እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓዳን ያዳናት የእኔ ቅጠል እንደሆነ ያውቃል። እኔ ነገሩን አልፈጠርኩትም፤ ዘሃራ ተናገረችው፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ። ውሸት በቃል ብቻ የሚነገር ይመስላችኋል? የእኔ ውሸት ከአንገቴ ነው የወጣው። ሙሄን ላጽናናው ስሄድ ጥቂት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሙሄ «የአላህ ቀደር ነው፣ መምህር፤ የሱን የጻፈውን ማን ይፍቀዋል?» አለኝ። እኔም «አዎ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኩ። የሁለታችንንም እምነት ለጥፋቴ መሸሸጊያ አደረግሁት። ጥፋቱ የተጻፈው በእኔው ደብተር፣ በእኔው እጅ መሆኑን እያወቅሁ።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ስድስት ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሰዓዳና ባሏ ከጊዜ በኋላ ተለያዩ። ምክንያቱ የልጁ መሞት ይሁን አይሁን አላውቅም። አይደለም ለማለት እጅግ እመኛለሁ፤ እመኛለሁ ብዬ ግን አይደለም ማለት አልችልም። ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፣ ገበያ ላይ ቲማቲምና ማሾ መሸጥ ያዘች። እኔ ከዚያ ወዲህ ተክሉን አልተንከባከብኩትም። ሰዓዳ ግን ከአጥሩ ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ እየነቀለች ወስዳ በእናቷ ጓሮ ተከለችው። አጠጣችው፣ ኮተኮተችው፣ ከማበቡ በፊት እያጨደች በጥላ አደረቀችው። ሁሉን ከእኔ አይታ የያዘችው ነው። «ነፍሴን ያተረፈ ተክል እንዴት ይጥፋ?» ስትል በአጥሩ ማዶ እሰማ ነበር። እሰማ ነበር፣ ዝምም እል ነበር። ለታመመ ሁሉ ያለ አንዳች ዋጋ ትሰጣለች። የምትሰጠው የእኔን ውሸት እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚህ ዓመት ሙሄ ሐጅ ሊሄድ ተነሣ። በእኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ ያስቀየመውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ይላል፤ የሰውን ሐቅ ተሸክሞ እዚያ መቆም አይቻልምና። እኔ ቤት ሲመጣ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጢሙን ተስተካክሎ ነበር።

«መምህር፣ አውፍ በለኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«አንድ ነገር አለ» አለና ወደ መሬት አየ። «ልጆች ሳለን፣ ዋና ላይ፣ ሸሚዝህን ወንዝ ወሰደው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ለማንጎ ለውጬው ነው። አባትህ በዚያ ሸሚዝ የተነሣ የገረፉህ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እንባ አቅርሮ ነበር። ስድሳ ዓመት ስላለፈው ሸሚዝ ነበር የሚያለቅሰው።

«አውፍ ብያለሁ፣ ሙሄ። ማንጎው ይጣፍጥ ነበር?»

«ጥሬ ነበር! ሆዴን ቆርጦኝ ነው ያደረው» አለ፤ አሁን እሱም ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «አንተስ? የደበቅኸኝ ካለ ዛሬ ተናገር። ስመለስ እንደ ተወለድኩ ዕለት ንጹሕ ሆኜ ነው፤ ካንተ ጋር የሚያነካካኝ አይኖርም» አለኝ።

በሩ ተከፍቶ ነበር። ቀልድ ቢመስልም፣ ልቡ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እኔ ስድሳ ዓመት ስላለፈው ሸሚዝ ይቅርታ ተጠይቄ፣ ስለ ልጅ ልጁ ይቅርታ መጠየቅ አቃተኝ።

«ምን አለኝ ብለህ?» አልኩት። «ምንም የለኝም።»

አቅፎኝ ሄደ። መካ ድረስ ይህን ቃሌን ይዞ ሄደ።

አሁን ወደ መጨረሻው እየደረስኩ ነው፤ እዚህ ላይ ትዝታዬን ብዙ አልጠራጠረውም፤ ሦስት ሳምንት አልሞላውምና። የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ሚስት አልማዝ በደጄ ስታልፍ ቆም ብላ ሰላም አለችኝ። ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

«አሞሽ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ወባ ናት መሰለኝ፤ አንቀጥቅጣኝ ሰነበተች። ሰዓዳ ያንቱን ቅጠል ሰጠችኝና ይኸው ለቀቀኝ። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብያት ነበር፤ አያስፈልግም አለችኝ። ጋሼ እንዲህ ነው የሚሉት አለችኝ።»

አያስፈልግም። ያ የእኔ ቃል ነበር። ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ ልጅዋን በገደለባት ሴት አፍ ዞሮ ተመለሰ።

«አልማዝ፣ አሁኑኑ ሂጂና ተመርመሪ» አልኳት።

«እንዴ ጋሼ! ድኛለሁ እያልኩዎት? ያንቱ ቅጠል አይደል እንዴ?»

«ቅጠሉ አይበቃም።»

«ታዲያ ለሰዓዳ እንዴት በቃት?»

«አልበቃትም» አልኩ። «ቅጠሉ ብቻውን እንደማይበቃ አውቅ ነበር፣ እንዳትሄድ የመከርኳት እኔ ነኝ።» አልማዝ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ቆመች። ቀና ብላም አላየችኝ። ወዲያው ባሏን ጠርታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ወባው በደሟ ውስጥ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ጀመረች፤ ዛሬ ደኅና ናት።

ያን ዕለት ወደ ሰዓዳ የሄድኩት ኅሊናዬ ገፍቶኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። አልማዝ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ወሬው ቀድሞኝ ሰዓዳ ጆሮ እንዳይደርስ ፈርቼ ነው። በሕይወቴ ውስጥ የተናገርኩትን አንዱን እውነት እንኳ የተናገርኩት በመሯሯጥ ነው።

ሰዓዳ ጓሮዋ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ቅጠል ትለቅም ነበር። ስታየኝ ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ቆሜ ነገርኳት። ደብተሩን፣ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር፣ በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ታገሡ ማለቴን ነገርኳት። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«ያኔ አንቱ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንደሚመለስብኝ?»

«እንደሚመለስብሽ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቅጠሉ ብቻውን እንደሚሠራ ማስረጃ ፈልጌ ነበር።»

«በእኔ?»

«በአንቺ።»

ወደ እናቷ ቤት ዞር ብላ አየች፤ ዘሃራ ውስጥ ሆና ዕቃ ታጥብ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ አውፍ በለኝ ሊሉዎ የመጡ ዕለትስ?» አለችኝ።

«ምንም የለኝም አልኩት።»

እንድትጮኽብኝ ፈለግሁ፤ አልጮኸችም። የለቀመችውን ቅጠል ከሰፌዱ ላይ አንሥታ መሬት ላይ ደፋችው። እኔም ተክሉን ልነቅልላት አጎነበስኩ።

«ተዉት» አለችኝ። «ተክሉን ለምን ይነቅሉታል? ተክሉ አልዋሸኝም። የሚጠይቁኝን ሰዎች አሁን ምን እንደምላቸው አውቃለሁ።»

«ይቅር በይኝ ሰዓዳ» አልኩ።

«የእኔን ሐቅ አንድ ቀን እተውልዎት ይሆናል፤ ዛሬ አይሆንም» አለች። «የልጁን ሐቅ ግን ልተውልዎ ብልም አልችልም፤ የእኔ አይደለማ። ለአባቴ አንቱ ይንገሩ። እኔ አልነግርልዎትም፤ እናቴም እንድትነግርልዎ አላደርግም። አንቱ ራስዎ ይንገሩ።»

ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግን ግቡም አላለችኝም።

ሙሄ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ሰፈሩ ሊቀበለው ይዘጋጃል፤ ቴምርና የዘምዘም ውኃ ይዞ በየቤቱ ይዞራል፣ ወደ እኔም ይመጣል። አውቀዋለሁ። ጥፋቴን ነግሬው አውፍ በለኝ ብዬ ብለምነው፣ ከዚያ ቦታ እንደተመለሰ ሰው፣ እያለቀሰም ቢሆን አውፍ ብያለሁ ይለኛል፤ እንቢ ሊለኝ አይችልም። ያን ደግነቱን አውቄ መለመን በልጁ ላይ ካደረግሁት ቀጥሎ በእሱ ላይ ሁለተኛ ሙከራ ማድረግ ይሆንብኛል። ስለዚህ ለእሱ የማደርገውን ለእናንተ አስቀድሜ ልንገር። ይህን ጽሑፍና ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ፤ ያሰመርኩበት ቦታ ስደርስ ጣቴን አሳርፍበታለሁ። «የልጅ ልጅህን የገደልኩት እያወቅሁ ነው» እለዋለሁ። አውፍ በለኝ አልለውም። እናንተንም አልጠይቅም።